«ቢሉ ሌላ ጉዳይ ነው» ላሉኝ አባት

ጥያቄ፦ «በዲቪ ቤተሰቤን ይዤ ሜሪላንድ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የ20 ዓመት ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ የሚማርበት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ሲገባ፣ ከኮሌጁ ጎን ለጎን በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ በቅናሽ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደሚወስድ፣ ኋላም ያለ ችግር እንደሚዛወር አድቫይዘሩ ነግሮን ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ ደንቡን ቀየሩት። ቅናሹ ቀረ። ለመዛወር የሚጠየቀው ክሬዲትም ጨመረ። በየሴሚስተሩ የሚሞላ አዲስ ፎርምም አለ ይላሉ፤ መቼም ወረቀት አያልቅባቸው። ልጄ ሞራሉ ተነክቶ ማርች 9 ኤርፖርት ሥራ ጀመረ። ቀኑን የማስታውሰው መኪናዬን ይዞ የሄደበት ቀን ስለሆነ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ኮርስ ግን በ‹ቢ› ጨርሷል። ዩኒቨርሲቲውን መክሰስ እችላለሁ? ኮሌጁም የ1,691 ዶላር ቢል ልኮብናል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።» — አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ሁለት ገጽ ነው፤ እዚህ ያወጣሁት አሳጥሬ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ያህሉ ስለ ቀረው ቅናሽ ነው። ስለ ቢሉ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያ መስመር ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ፤ አጭር ነው። መክሰስማ ማንም ይከሳል፤ ጥያቄው ያዋጣል ወይ ነው። ባለኝ መረጃ አያዋጣም። የዩኒቨርሲቲ ካታሎግ (የትምህርት ደንቡ የሚወጣበት ጽሑፍ) እና የፕሮግራም ስምምነት እንደ ውል የሚታዩበት ጊዜ አለ። ግን ልጅዎ ሲመዘገብ ኮምፒዩተር ላይ «እስማማለሁ» ብሎ የተጫነው ጽሑፍ ውስጥ «ተቋሙ ደንቡንና ክፍያውን የመለወጥ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል አንቀጽ ሳይኖር አይቀርም። እጄ የገቡት እንዲህ ያሉ ስምምነቶች ሁሉ አላቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የመንግሥት ነው። ሜሪላንድ ግዛቷን በውል ጉዳይ ለመክሰስ የምትፈቅደው ውሉ በጽሑፍ ሲሆን ነው። ጊዜውም አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በግለሰቦች መካከል እንዳለው ሦስት ዓመት አይደለም። ስለዚህ አድቫይዘሩ ቢሮ ውስጥ በቃል የነገራችሁ፣ እውነት ቢሆንም፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙም አያራምድዎትም። ከሳሹም ቢሆን እርስዎ አይደሉም፤ ተማሪው ልጅዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁ። አብዛኞቹ ተቋማት ነባር ተማሪ በገባበት ዓመት ካታሎግ እንዲጨርስ ይፈቅዳሉ፣ ትምህርቱን ካላቋረጠ። ልጅዎ «ይህን ሴሚስተር ልረፍ» ካለዎት፣ ከማረፉ በፊት ይህን ጉዳይ በኢሜይል ይጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። በስልክ የተባለውን አልቀበልዎትም።

አሁን ወደ ቢሉ።

የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ከታች ተቆርጧል። ከተቆረጠው መስመር በላይ ግን «ሪተርን ኦፍ ታይትል ፎር» የሚል ይነበባል። ይህ የመዘግየት ቅጣት አይደለም፣ ደንቡ ስለተቀየረ የመጣ ጭማሪም አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ለልጅዎ የሰጠውን የትምህርት ድጎማ ኮሌጁ መልሶ ሲልክ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ድጎማ የሚመለሰው ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን አቋርጧል ሲባል ነው።

እርስዎ «ሥራ ጀመረ» ብለው ጻፉልኝ። ክፍል መግባቱን አቆመ ብለው ግን አልጻፉልኝም። ምናልባት እርስዎም አያውቁት ይሆናል። ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ጠበቃ ጋ ሲመጡ ግማሹን ቤት ትቶ መምጣት አይጠቅምም። ልጅዎን ለማሳጣት አይደለም የምጠይቀው። የማርች 9 ትርጉም ከ1,691 ዶላር ጋር ስለተያያዘ ነው።

ስሌቱ ይኸውልዎ። ሴሚስተሩ፣ ቢሉ ላይ እንዳየሁት፣ ከጃንዋሪ 20 እስከ ሜይ 12 ነው፤ 113 ቀን። የማርች ዕረፍት ቅዳሜና እሑዶቹን ጨምሮ 9 ቀን ነበር፤ እሱ ይቀነሳል። 104 ቀን ቀረ። ልጅዎ ማርች 9 ካቆመ የተማረው 49 ቀን ነው፤ 47 በመቶ። የፌዴራል ሕጉ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የተማረ ሙሉ ድጎማውን እንደ «ሠራበት» ይቆጥርለታል። ከዚያ በፊት ያቋረጠ በተማረው ቀን ልክ ብቻ ነው የሚታሰብለት። 60 በመቶው የሚያልፈው ኤፕሪል 1 ላይ ነበር። 23 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ግን እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ይህ ስሌት የሚመጣው ተማሪው ሁሉንም ኮርስ ሲያቋርጥ ነው። ልጅዎ ሁሉንም አላቋረጠም። የዩኒቨርሲቲውን ኮርስ በ«ቢ» ጨርሷል፤ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ታዲያ ኮሌጁ ለምን ሙሉ በሙሉ እንዳቋረጠ ቆጠረው?

ደንበኞቼ በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው።

ሰው ሁሉ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩ ይመስለዋል። የፕሮግራሙ ብሮሹር ላይ የሁለቱ አርማ ጎን ለጎን ታትሟል። ተማሪው የሁለቱም መታወቂያ አለው። አንዳንዴም አንድ አድቫይዘር ለሁለቱም ይሠራል። ስለዚህ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮዎቹም አንድ ናቸው ብለን እናስባለን። አይደሉም። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጎማ በአንድ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሚወሰደው። ያ ትምህርት ቤት «ሆም ስኩል» ይባላል። ፋፍሳ (የድጎማው ማመልከቻ) ላይ ሁለቱንም ማስገባት ይቻላል፤ ከሁለቱም ፔል መውሰድ ግን ክልክል ነው። ሌላኛው ጋ የሚወሰደው ኮርስ ሆም ስኩሉ ጋ እንዲቆጠር በሁለቱ መካከል በጽሑፍ የሆነ ስምምነት ያስፈልጋል። ኮንሶርቲየም አግሪመንት ይሉታል። አንዳንዱ ፕሮግራም ለሁሉም ተማሪ የሚያገለግል አንድ ጠቅላላ ስምምነት አለው። ሌላው በየተማሪው፣ በየሴሚስተሩ፣ በፎርም ያስፈርማል።

አሁን «መቼም ወረቀት አያልቅባቸው» ያሏትን ፎርም ያስታውሷት። በእኔ ግምት ጃንዋሪ ላይ የተቀየረው ትልቁ ነገር ቅናሹ አይደለም፤ እሷ ፎርም ናት። ድሮ በራሱ ይሄድ የነበረው አሁን ተማሪው ካልሞላው አይሄድም። ግምት ነው አልኩ። የአዲሱን ደንብ ጽሑፍ ሳላይ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ግምቴ ልክ ከሆነ የሆነው ይህ ነው። ልጅዎ ኮሌጁ ጋ 9 ክሬዲት፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ 3፣ በጠቅላላ 12 ወሰደ እንበል፤ ሙሉ ጊዜ ተማሪ። የ2025-26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር 3,697 አካባቢ። ሙሉውን የሚያገኝ ከነበረ በ12 ክሬዲት ታስቦ ተሰጠው። ፎርሙ ስለሌለ 3ቱ ክሬዲት ሲወጡ 9 ብቻ ቀረ፤ 75 በመቶ። ፔሉ ወደ 2,773 ወረደ። 924 ዶላር እዚህ ሄደ። ከዚያ ማርች ላይ 9ኙን ሲያቆም፣ ለኮሌጁ ኮምፒዩተር ልጅዎ ምንም የማይማር ሰው ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀምጦ ፈተና ሲፈተን እንኳ። የቀረው ሰባት መቶ ምናምን በዚህ በኩል ሊመጣ ይችላል። እርስዎ በደብዳቤዎ «ሁለት ባላ ትከል» የሚለውን ተረት ጠቅሰውልኛል። ኮሌጁ ግን ባላ የሚቆጥረው አንድ ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት ይህንኑ ታሪክ ስንት ቤተሰብ ይዞልኝ እንደመጣ አልቆጠርኩም። መልኩ ይለያያል። አንዷ እናት ሁለቱም ትምህርት ቤት ፔል ሲልክ «ጎበዝ ስለሆነች ጨመሩላት» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሌላው ልጅ በሁለቱም ጋ ስድስት ስድስት ክሬዲት ወስዶ ራሱን ሙሉ ጊዜ ተማሪ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ሆም ስኩሉ ግን በግማሽ ነበር የያዘው። ሁሉም ጋ የጎደለችው አንዲት ወረቀት ናት። ሁሉም «እነሱ ያውቁታል» ብለው ነበር።

ስለዚህ ከክስ በፊት ኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በጽሑፍ ሁለት ጥያቄ ይቅረብለት። አንደኛ፣ ለዚህ ሴሚስተር የኮንሶርቲየም ስምምነት ነበረ ወይ? ከነበረ፣ ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አቋርጧል መባሉ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ስሌቱ እንደገና ይታይ ይበሉ። ሁለተኛ፣ ያቋረጠበት ቀን ተብሎ የተያዘው የትኛው ነው? በየቀኑ ተማሪ የማይቆጥር ኮሌጅ፣ ተማሪው ሳያሳውቅ ከጠፋ፣ የሴሚስተሩን አጋማሽ ወይም የመጨረሻውን የትምህርት ተግባር ቀን መያዝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳ ነገር ሊኖር ይችላል። ልጅዎ ሥራ ከጀመረ በኋላ ማታ ማታ አንድ አሳይንመንት ልኮ ከሆነ፣ ኦንላይን አንድ ኩዊዝ ሠርቶ ከሆነ፣ ቀኑ ወደፊት ሊገፋ ይችላል። ገጹን ከፍቶ ማየቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሠራው ነገር መኖር አለበት። አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሳ።

ቃል አልገባልዎትም። ፎርሙ ተሞልቶ ካልነበረ፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ማስፈረም ከባድ ነው። ያኔ የሚቀረው በየወሩ የመክፈያ ዕቅድ መጠየቅና፣ ጎን ለጎን፣ ልጁ ለወደፊቱ ድጎማ እንዳይከለከል መሥራት ነው። ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ተማሪው ከተመዘገበበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን እንዲጨርስ ይጠይቃሉ። ከዚያ በታች ከወረደ ይግባኝ አለ። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር በማስረጃ ይታያል። «ሞራሌ ተነካ» ብቻውን ግን አያስኬድም። ቢሉን ዝም ማለትም አያዋጣም፤ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ በኋላ ለመነጋገር ይከብዳል። ከመፈረምዎ ወይም ከመክፈልዎ በፊት ግን ወረቀቶቹን ለጠበቃ ያሳዩ። እኔ ባልሆን ሌላ ይሁን። ኮሌጁ ለተማሪዎች ነጻ የሕግ ምክር ያለው መሆኑንም ይጠይቁ።

አንድ ሌላ ነገር። ኮሌጁ ጋ ራስዎ ደውለው «ስለ ልጅዎ ልንነግርዎ አንችልም» እንዳሉዎት ጽፈዋል። ተናድደዋል። ክፋት አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ፣ ልጅ ኮሌጅ ከገባ በኋላ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው፤ ከፋዩ አባት ቢሆንም። ልጅዎ የፈቃድ ፎርም ከፈረመልዎ ይነግሩዎታል። በታክስ ላይ ጥገኛ አድርገው ካስመዘገቡትም ትምህርት ቤቱ ሊነግርዎት ይፈቀድለታል፤ አይገደድም እንጂ። ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ የሄዱት ወደ ልጁ የትምህርት ቤት ኢሜይል ነው። የአዲሱን ፎርም ማስታወሻ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ያንን ኢሜይል ስንቱ ልጅ ይከፍተዋል?

በጎን፣ ይህን ለሚያነቡ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ላሉ ልጆች፦ የእናንተ ጉዳይ ከብር በላይ ነው። በሁለት ትምህርት ቤት መማር ይፈቀዳል፤ ሁለቱ ተደምረው ሙሉ ጊዜ ከሆኑ፣ ለአንደኛ ዲግሪ በሴሚስተር 12 ክሬዲት። አይ-20ን፣ ማለትም ለቪዛው የሚያስፈልገውን የትምህርት ቤት ሰነድ፣ የሚሰጠው ዲግሪውን የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነው። ኦንላይን ኮርስ ለሙሉ ጊዜ የሚቆጠረው አንድ፣ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲቀየር ኮርስ ልትጥሉ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ አስፈቅዱ። ጥሎ ከዚያ ማስረዳት አይሠራም። ከጣላችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ።

ጋሼ፣ ወደ ቢሮ ሲመጡ ይህን ይዘው ይምጡ። የቢሉን ሙሉ ፎቶ፣ ያልተቆረጠውን። ልጅዎ ሲገባ የፈረመውን ስምምነትና የጃንዋሪውን የለውጥ ማስታወቂያ። የሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ትራንስክሪፕት። የድጎማ ማሳወቂያውን፤ ስንት ክሬዲት ተብሎ እንደታሰበ እዚያ ላይ ይታያል። ከፎርሙ ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ኢሜይል፣ ያልተከፈተም ቢሆን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን ይዘውት ይምጡ። ደንበኛዬ የሚሆነው እሱ ነው፤ እርስዎ ጥቂት ደቂቃ ውጭ ቢጠብቁን ቅር እንዳይልዎ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ራቱን ከበላ በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «መጨረሻ ክፍል የገባኸው መቼ ነው?» ሲመልስልዎ አይቆጡት። ቀኑን ጽፈው ይያዙልኝ።