አማቴ የሚሞቱበትን ቀን ቆርጠዋል፤ ባሌ ደግሞ አብረሽኝ ካልሆንሽ ይለኛል

ጥያቄ፦ ዙሪክ የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ባሌ ስዊዘርላንዳዊ ነው። እናቱ ካንሰር አለባቸው። የኤግዚት አባል ስለሆኑ በድርጅቱ እርዳታ ለመሞት ቀን ቆርጠዋል። ባሌ ያን ቀን ከጎኔ ሁኚ ይላል፣ እምነቴ ግን አይፈቅድልኝም። ቀኑን ከሰማሁ ወዲህ እሳቸው ቤት መሄድ አቅቶኛል። ከባሌም ተኳርፈናል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የመገኘት ግዴታ የለብሽም። ህሊናሽ እምቢ ካለ እምቢ በይ። ግን ክፍሉ ውስጥ አልገባም ማለት ሌላ፣ ሴትዮዋን መሸሽ ሌላ ነው። ባልሽን የጎዳው መሸሽሽ ይመስለኛል።

ባልሽ ያደገበትን አገር አስቢው። በስዊዘርላንድ ሕግ፣ አንቀጽ 115 ላይ፣ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ረድቶ የሚቀጣው ለራሱ ጥቅም ብሎ ያደረገው ብቻ ነው። ኤግዚት የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ነው፤ ከውጭ የሚመጡትንም የሚቀበለው ዲግኒታስ ደግሞ በ1998። በ2011 የዙሪክ ካንቶን (ክልል) ሕዝብ ይሄ ነገር ይከልከል ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ 85 በመቶ ገደማው አይከልከል አለ። ለባልሽ የእናቱ ውሳኔ እንደ ኑዛዜ የሚከበር ነው፤ ላንቺ ደግሞ ነፍስ የፈጣሪ ናት። በኩርፊያ አንዳችሁ ሌላውን አታሳምኑም፤ ሐኪሞችና አብያተ ክርስቲያናት ስንት ዓመት ተከራክረውበት አልተስማሙም።

ከተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ግን አንዱ እኔንም ያሳስበኛል። የታመመ ሰው "ሸክም ሆንኩባቸው" ብሎ ሊወስን ይችላል። አማትሽ የሚፈሩት ሕመሙን ነው? ብቻቸውን መቅረትን ነው? ወይስ ልጄን አስቸገርኩት ብለው ነው? ከጻፍሽልኝ እንደገባኝ ከቤተሰቡ ይሄን የጠየቃቸው የለም። ሾርባ ሠርተሽ ሂጂ፣ አጠገባቸው ቁጭ በይና ጠይቂያቸው። ልታስቀሪያቸው ሳይሆን ልትሰሚያቸው። ሕመሙን ፈርተው ከሆነ ስቃይ በማስታገስ ላይ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉ፤ አነጋግረው እንደሆነ ባልሽ ይጠይቅላቸው። ሐሳባቸውን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መቀየር ይችላሉ፤ ፈቃድ አግኝተው ሳይጠቀሙበት የቀሩም ብዙ ናቸው።

ለባልሽ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ፣ ዛሬ ማታ እንዲህ በይው፦ "ክፍሉ ውስጥ አልገባም፣ አልችልም። ስትወጣ ግን በር ላይ ታገኘኛለህ፤ ቀብሩም ላይ ልቅሶውም ላይ አልለይህም።" ውስጥ አብሮት የሚሆን ወንድም ወይም ጓደኛ ካሁኑ ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድመሽ እወቂ። ካረፉ በኋላ ፖሊስና አሟሟቱን የሚመረምር የሕግ ሐኪም እስከ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ጥያቄም ይጠይቃሉ። ደንቡ ነው፤ ባልሽ ተከሰሰ ማለት አይደለም። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ፖሊስ ማየት ስላልለመድን እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

ለንስሐ አባትሽም ነገሩ ሳያልፍ ንገሪያቸው፤ በኋላ ጸጸቱን ብቻሽን እንዳትሸከሚው። አማትሽን አነጋግረሽ ያሉሽን ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።