ብልጭ የሚለው ቢጃማና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥቅምት ገባና ጥያቄው ሁሉ ስለ ቢጃማ ሆነ። እውነትም ነው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ቀን በፀሐይ ታታልለንና ማታ ጋቢ ላይ ቡሉኮ ታስደርበናለች። ከተላኩት ጥቂቱን እነሆ።

ከማራኪ፦ «መቶ በመቶ ጥጥ ነው ተብዬ የገዛሁት ቢጃማ ማታ ሳወልቀው ጠሽ ጠሽ እያለ ብልጭታ ያወጣል። ተሸወድኩ እንዴ?»

ሳትሸወጂ አልቀረሽም። እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብስበታል። ለማረጋገጥ ከውስጥ በኩል፣ ከቅምቅማቱ ትርፍ ላይ አንድ ክር ምዘዢ። ከጨርቁ ነው እንጂ ከስፌቱ እንዳይሆን፤ የጥጥ ልብስም ቢሆን የተሰፋበት ክር ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ክሩን በወረንጦ ይዘሽ፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድዳል፣ አመዱም ስትነኪው ብን ይላል። ፖሊስተር ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ይሆናል።

ክብሪቱን የሚያታልለው ቪስኮስ የሚባለው፣ ከእንጨት የሚሠራ ክር ነው፤ እንደ ጥጥ ይነድዳል። ችግሩ ሲረጥብ ይደክማል። ጥጥ በተቃራኒው ሲረጥብ ይጠነክራል። እንደ እኛ ሳፋ ላይ አሽቶ፣ ጠምዝዞ ለሚጨምቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቱርክ ሠራሽ ከሆነ ደግሞ «ፓሙክ» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ፤ በቱርክኛ ጥጥ ማለት ነው።

ከፒያሳ፦ «ምልክቱ ላይ ኦኮ-ቴክስ 100 ይላል። መቶ ፐርሰንት ጥጥ ማለት አይደል?»

አይደለም። 100 የደረጃው ስም ነው። ጨርቁ ለጤና ጎጂ የሆኑ ኬሚካሎች እንዳይኖሩበት ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው፤ ፖሊስተርም ሊያገኘው ይችላል። ኦርጋኒክ የምትፈልጊ ከሆነ ጎትስ (GOTS) የሚለውን ምልክት እዪ፤ እሱ ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ ክር ይጠይቃል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ከምልክቱ በፊት ስፌቱን ነው የማየው። የሱሪውን ሁለት እግር መገናኛ ይዘሽ ወዲያና ወዲህ ሳብ አድርጊው። በስፌቱ መሀል ብርሃን ከታየሽ ለሻጩ መልሺለት።

ከሳሙና በር፦ «በየስንት ቀኑ ይታጠብ? በምንስ? እናቴ እንዶድ ይሻላል ትላለች።»

ከሳሙና በር ስለ ሳሙና መጠየቅ! ገላሽን ታጥበሽ የምትለብሺው ከሆነ በየሦስት በየአራት ሌሊቱ ይበቃል። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣለት ቤት ይሄም እፎይታ ነው። ሁለት ቢጃማ ይኑርሽና አፈራርቂያቸው።

ገልብጠሽ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ እጠቢው። በረኪና ግን አደራ! እኔ አንድ ነጭ ቢጃማ «ላንጣው» ብዬ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ወገቡ ላይ ያለው ላስቲክ ግን ሳብ ባደርገው አይመለስም፤ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ሆኗል። ሙቅ ውኃም ላስቲክን ቀስ በቀስ እንደዚሁ ያደርገዋል። ስታሰጪ ጥላ ፈልጊ፤ የእኛ ፀሐይ ቀለም ትበላለች።

እናትሽ አልተሳሳቱም። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ አረፋ ያወጣል፣ ጨርቅም ያጸዳል። እጣቢው ግን ወንዝ ውስጥ አይደፋ፤ ዓሣ ይገድላል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው፣ በቀንድ አውጣ በኩል በሚተላለፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ምርምራቸውን የጀመሩት።

ከቸቸላ፦ «ሽማኔ ዘንድ አሠርቼ በአገር ጥጥ ቢጃማ ባሰፋስ?»

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ጥጡም ሩቅ አይደለም፣ መተማ ይበቅላል። ለሱሪ ግን አልመክርሽም። የእጅ ሽመና ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ይወጣል፣ መቀመጫው ላይ ጨርቁ ከስፌቱ እየተንሸራተተ ይሳሳል። ሰፋ ያለ የሌሊት ቀሚስ አሰፊበት፤ እሱ ዕድሜ ይኖረዋል። ለሱሪው ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ጥጥ የሆነ አቡጀዲ ወይም ቺት ግዢ። ክብሪትሽን አትርሺ። ልብስ ሰፊው ጋ ከመውሰድሽ በፊት ጨርቁን አንዴ እጠቢው፤ ጥጥ ይገባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ሱሪ ባት ላይ ይቀራል።

ከአዘዞ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ ፀጉራም ወፍራም ቢጃማ ላከችልኝ። ይሞቃል፤ ማንደጃ አጠገብ ብለብሰው ግን ምን ይላሉ?»

እማማ፣ ይቅርብዎ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ፍም ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቢሆን ይነድዳል፣ ሰፊ እጅጌ ያለው ደግሞ ይብሳል። ከሰሉ ጠፍቶ ማንደጃው ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ይልበሱት።

በመጨረሻ፣ ስም ያልጻፈች፦ «ላስቲኩ ላላ፣ ጉልበቱ ሳሳ። ልጣለው?»

ኧረ ተዪ! ከጉልበቱ በላይ ቁረጪውና ቁምጣ አድርጊው። ከተቆረጠው እግር ደህና ደህናውን እራፊ አስቀሪ፤ ለሌላው መጣፊያ ይሆናል። ለላስቲኩ የወገቡን ስፌት ሁለት ጣት ያህል ፍቺ፣ አሮጌውን ጎትተሽ አውጪ። አዲሱን ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ በውስጥ አዙሪው። ሌላኛውን ጫፍ ግን ቀድመሽ ከጨርቁ ጋር አያይዢው። እኔ ረስቼ፣ ዙሩን ልጨርስ ስል ጭራው ሾልኮ ገብቶ እንደገና ጀምሬያለሁ።