ጅማን በሙሉ አንድ ከቨር ላይ አትጫኚው

ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። እህታችን የጅማ ልጅ ናት፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ትዘፍናለች። የመጀመሪያ አልበሟ ተቀድቶ አልቋል። አብዛኛው በክራርና በጊታር የታጀበ ቀዝቀዝ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው። አሁን የቀረው ከቨሩ፣ ማለት የአልበሙ ሽፋን ነው። ቤተሰብ «የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይግባበት» ይላል። ጓደኞቿ ጀበናና ቡና ይላሉ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ፊትሽ ብቻ ይበቃል ብሏታል። እሷ የጠየቀችን «ከቨር እውነት ለዘፋኝ መለያ ይሆናል ወይስ እንዲያው ጌጥ ነው?» ብላ ነው።

እኔ እዚሁ ጅማ ፖስተር፣ ባነርና ከቨር እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መለያ ይሆናል። ግን አንድ ከቨር ብቻውን መለያ አይሆንም፤ መለያ የሚሆነው የሚደጋገመው ነገር ነው። ስለዚህ «ምን ልጨምርበት?» ብለሽ አትጀምሪ። «በሚቀጥለው ሥራዬ ላይም የሚኖረው የቱ ነው?» በይ።

የናይጄሪያውን ዘፋኝ ፌላ ኩቲን አስቢው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሃያ በላይ ከቨሮቹን የሠራለት ሌሚ ጋሪዮኩ የሚባል ሠዓሊ ነው። ሥዕሎቹ በሰው የተጨናነቁ ናቸው። ቀለማቸው ይጮኻል፣ ባለሥልጣን ላይ ይሳለቃሉ። የፌላ ሙዚቃስ ምንድን ነው? ረጅም፣ ግርግር የበዛበት፣ መንግሥትን ፊት ለፊት የሚናገር። ስሙን በእጅሽ ብትሸፍኚው እንኳ ከቨሩ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ከቨር ከድምፁ ወጣ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የሆኑት ፒንክ ፍሎይዶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት አልበም ላይ ጥቁር መደብ፣ አንድ ፕሪዝም (ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትን ባለሦስት ማዕዘን መስታወት)፣ የሚሰነጠቅ ብርሃን ብቻ አደረጉ። ፊታቸው የለም፣ ስማቸውም ከፊት ገጹ ላይ የለም። ቆንጆ ነው። ግን ያን ጊዜ አድማጭ ነበራቸው። ገና የምትወጪ ልጅ ያንን ብትኮርጂ ምስጢራዊ አትሆኚም፣ የማትታወቂ ነው የምትሆኚው። ስምሽ ይኑር።

ፊት እኛ አገር ለምን እንዲህ ነገሠ? እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የካሴት ነው። የካሴት ሽፋን ፊት ገጹ ወደ 10 በ6.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ወደ ላይ የቆመ ጠባብ ወረቀት ነው። ሙዚቃ ቤት መስኮት ላይ ተደርድሮ ከመንገድ መታየት አለበት። እዚያ ላይ ከዘፋኙ ፊትና ከስሙ ሌላ ብዙ ነገር አይገባም። የትልቁ ሸክላ ሽፋን 30 ሳንቲ ሜትር በ30 ስለነበር ሠዓሊ እንደ ልቡ ይንሸራሸርበት ነበር። አሁን ስልክ ላይ ከካሴትም አንሶ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። ስለዚህ ፎቶ አንሺሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ፊት በትንሽ ቦታ ይሠራል። ችግሩ ሁሉም ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ከንፈር ላይ ያለ ጣት፣ ያንኑ የስቱዲዮ መብራት ማድረጉ ነው።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤት የሚያምር ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ሆቴል ባነር ላይ አለ፣ ካላንደር ላይ አለ፣ የምርቃት መጽሔት ላይ አለ። ጅማን ያሳያል እንጂ አንቺን አያሳይም። ዘፈኖችሽ ስለ ጅሬን ታሪክ ቢሆኑ አስገቢው እል ነበር። የፍቅር ዘፈን ግን ከጀርባው ቤተ መንግሥት ሲቆም ሰሚው የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው የሚጠብቀው። ጀበናውም ያው ነው። ቡና የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም የሆነ ነገር ደግሞ አንድን ሰው አይለይም።

ከከተማው የሆነ ነገር ከፈለግሽ ትንሽ ነገር ምረጪ። እኔ ብሆን ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ እወስዳለሁ። ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ አሮጌ፣ የተቀመጡበት። ባዶ ግድግዳ ሥር እሱ ላይ ተቀመጪ። ክራርና ጊታር ብቻ ያለበት ዘፈን እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ይስማማዋል። ቀጣዩ ነጠላ ዜማሽ ላይ በርጩማው ብቻውን ይታይ። ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ክራሩ ተደግፎበት ይሁን። ሰው ሳይነገረው በርጩማውን ከአንቺ ጋር ያያይዘዋል። ፎቶውን ደግሞ ደመና ሲሆን ተነሺ፤ የጅማ ክረምት ለዚህ የተፈጠረ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ፊትሽን አታስነጪ። እዚህ ከተማ ፎቶ ሲታረም ቆዳን ማንጣት እንደ ነፃ አገልግሎት ተቆጥሯል። ከቨሩ ላይ ሌላ ሰው፣ መድረክ ላይ ሌላ ሰው ከሆንሽ መለያ የምንለው ነገር እዚያው ፈረሰ።

ፊደሉ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። በግዕዝ ፊደል ሰ እና ስ፣ በ እና ቡ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው። የተንዛዛ፣ ጥላና ወርቅ የተቀባ ፎንት ያቺን ጭረት ይበላታል፤ ስልክ ላይ ሲያንስ ጭራሽ አይነበብም። እጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ፈልጊና ስምሽን በግዕዝም በቁቤም ያው ሰው ይጻፍልሽ። ሁለቱ ጽሑፎች እህትማማች ይመስላሉ፣ ሎጎም ሆነልሽ ማለት ነው። ግን በላቲን አንድ አጻጻፍ ያዢ። ጠ በቁቤ በኤክስ ነው የሚጻፈው፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ደግሞ በቲ። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ከተጠቀምሽ ስትሪሚንግ (ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚሰማበት) ላይ ሁለት ዘፋኝ ሆነሽ ልትወጪ ትችያለሽ።

መጠኑን በፍጥነት ልንገርሽ። መጀመሪያ አራት ማዕዘኑን፣ 3000 በ3000 ፒክሰል አሠሪ። ለዩቲዩብ 1280 በ720 ለብቻው ይወጣል፤ ቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ የዘፈኑ ርዝመት ስለሚያርፍ እዚያ ምንም አትጻፊ። ቴሌግራም ፕሮፋይልን ክብ ስለሚያደርገው ስምሽ ከጠርዝ ይራቅ። ስልክ ቁጥር፣ የቲክቶክ ስም፣ የስፖንሰር ሎጎ እዚህ ልማድ ሆኗል፣ ግን ለፖስተር ይሁን፣ ከቨሩ ላይ አይግባ። አፕል ሙዚቃ የድረ ገጽ አድራሻ፣ የሶሻል ሚዲያ ስም ወይም ዋጋ ያለበትን ከቨር አይቀበልም። ባነር ስታሳትሚ ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ደብዝዞ እንደሚወጣ ዕወቂ፤ መጀመሪያ ትንሽ ናሙና አሳትሚ።

በኤአይ ላሠራው የምትሉም አላችሁ። ለሐሳብ ማውጫ ይሁን፣ አልከለክልም። ለመጨረሻው ሥራ ግን እኔ እስካሁን ያየሁት ሁለት አፍ ያላት ጀበናና የማይነበብ ፊደል ነው። በዚያ ላይ ያው ፊት ነገ የሌላ ዘፋኝ ከቨር ላይ ይመጣል።

እህቴ፣ ገና ምንም ሳትከፍይ ዲዛይነሩ ሦስት ዘፈንሽን እንዲሰማ አድርጊ። ሳይሰማ ኮምፒውተር ከከፈተ ሌላ ሰው ፈልጊ። ከፎቶ አንሺው ጋር ፎቶውን ለአልበም፣ ለፖስተርና ለኢንተርኔት እንድትጠቀሚ በጽሑፍ ተፈራረሚ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሌየሩ ያልተጨፈለቀውን፣ ማለት ፎቶው፣ ፊደሉና መደቡ በየራሱ ንብርብር የተቀመጠበትን ፋይል ተቀበዪ፤ ለቀጣዩ ነጠላ ዜማ ያስፈልግሻል። ጄፔግ ብቻ ሰጥቶ ሊሸኝሽ ካለ ቀሪውን ሂሳብ አትክፈዪው።