ፓሊዮ ከመጀመርሽ በፊት ደምሽን አስመርምሪ

እህቴ፣ እንጀራ ስትበዪና ማኪያቶ ስትጠጪ ሆድሽ እንደሚነፋ ጽፈሻል። ጓደኛሽ «ፓሊዮ ጀምሪ፣ ግሉተኑም ወተቱም አብሮ ይወጣልሻል» ብላሽ ዳቦና እንጀራ ካቆምሽ 10 ቀን ሆኖሻል፤ አሁን የምትጠይቂው ከሦስቱ አመጋገብ የቱ ይሻላል ብለሽ ነው፦ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ያለው ፕሮቲን) የሌለው፣ ወተት የሌለው፣ ወይስ እህል፣ ጥራጥሬና ወተት የሚከለክለው ፓሊዮ። ከምርጫው የሚቀድም ነገር አለ። እሱ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

1ኛ፦ ወደ ስንዴው ተመለሺና ተመርመሪ። ሲሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ መጀመሪያ የሚፈለገው ቲቲጂ-አይጂኤ በተባለ የደም ምርመራ ነው። ምርመራው የሚለካው ታማሚው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ግሉተን ካቆምሽ መጠኑ እየወረደ ይሄድና ወረቀቱ «የለም» ይላል፤ በሽታው ግን አለ። ስለዚህ ደም ከመስጠትሽ በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ስንዴ ያለበት ምግብ ብዪ። አይጂኤ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው፤ ጠቅላላ የአይጂኤ መጠን የሚለካው ምርመራም አብሮ ይታዘዝልሽ፤ አይጂኤ በተፈጥሮው የሚያንሰው ሰው ላይ የመጀመሪያው ምርመራ በሐሰት ነጻ ያወጣል። «ካልተስማማሽ ተዪው» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ካጋጠመሽ እሺ ብለሽ አትውጪ። ሲሊያክ ከሆነ አመጋገቡ የዕድሜ ልክ ነው፣ ወላጆችሽ፣ ወንድምና እህቶችሽ፣ ልጆችሽም መመርመር አለባቸው። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ዓመት ሙሉ ስንዴ ካቆመ በኋላ ነው፤ ያኔ ለምርመራው ሲል ሳምንታት እየታመመ መብላት ይጠበቅበታል። አንቺ ገና 10 ቀንሽ ነው፣ ዛሬ ተመለሺ። ጨርሶ ካልቻልሽ ኤችኤልኤ-ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባለውን የዘር ምርመራ ጠይቂ፤ ስንዴ መብላት አይፈልግም። ሁለቱም ከሌሉብሽ ሲሊያክ አይደለም ማለት ይቻላል፤ መኖራቸው ብቻውን ግን በሽታው አለ አያሰኝም።

2ኛ፦ ሦስቱን አመጋገቦች በእኛ ማዕድ ለኪያቸው። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ፓሊዮ ግን እህል ነው ብሎ ይከለክለዋል። የጾም ምግባችን ወተት የለበትም፣ ሆኖም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ ጥራጥሬ ስለሆነ ፓሊዮ ሁሉንም ያነሳዋል። በሦስቱም የሚያልፈው ቆጮና ቡላ ነው፤ ከእንሰት የሚወጣ እንጂ እህል አይደለም፣ ቅቤ እስካልነካው ድረስ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ጠላ ግን ግሉተን ለማይስማማው ሰው አይሆኑም።

የፓሊዮን ሐሳብ ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር በ1985 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ሲያነሱት ጉዳያቸው የዘመናችን ሥር የሰደዱ በሽታዎች እንጂ የሆድ መነፋት አልነበረም። ለአንቺ ጥያቄ የማይመቸውም ለዚህ ነው፦ አምስት ነገር በአንድ ቀን ያወጣና የትኛው እንዳመመሽ ሳታውቂ ያስቀርሻል። ደግሞም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትን ይፈቅዳል። ስንዴ ውስጥ ያለው ሆድ የሚነፋው ፍሩክታን የተባለ ስኳር በሽንኩርትም አለ፤ ወጣችን በምን ያህል ሽንኩርት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ምርመራው ነጻ ካወጣሽ ቀጥሎ የምትፈትሺው እሱን ነው።

3ኛ፦ እንጀራው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው እንጀራ ብዙውን ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል። «ጤፍ አለው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ከጤፍ ሌላ ምን ገብቶበታል?» በዪ። በአሜሪካ ሕግ ስንዴና ወተት በአለርጂነት ተለይተው ይጻፋሉ፣ ገብስ ግን አይካተትም፤ ስለዚህ «ስንዴ አለው» የሚል ማስጠንቀቂያ ስላላየሽ አትመኚ፣ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቢ። «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ የታተመበት ምግብ ከሚሊዮን ከ20 እጅ በታች ግሉተን ሊኖረው ይገባል።

ቤት ስትጋግሪ ሰው የሚሳሳተው በእርሾው ነው። ከጎረቤት የመጣ እርሾ ድብልቅ ሊጥ ላይ የኖረ ከሆነ ስንዴውን ይዞ ይገባል። ጣዪውና ጤፍና ውኃ ብቻ በጥብጠሽ አዲስ አስነሺ፤ የመጀመሪያው 4 ወይም 5 ቀን ይፈልጋል። ከዚያ ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 1.6 ሊትር ውኃና 160 ሚሊ ሊትር ያህል እርሾ፣ 3 ቀን ይቆይ። ላዩ ላይ ያቀረረውን ቀድተሽ ለሚቀጥለው አስቀምጪ። ከሊጡ አንድ አሥረኛውን በሦስት እጥፍ ውኃ አፍልተሽ አብሲት ጣዪ፣ በረድ ሲል መልሺው፣ ኩፍ ሲል ጋግሪ። ጤፍ ብቻ የሆነ ሊጥ ያለ አብሲት ዓይን አያወጣም፣ ይደርቃል፤ ሰው ስንዴ የሚቀላቅለውም አንዱ ለዚህ ነው። አምባሻ የሚጋገርበትን ምጣድና ማሰሻ አትጋሪ።

ወተቱን በ6 ሳምንቱ ውስጥ መሞከር ትችያለሽ። ለ2 ሳምንት ወተት ያለበትን ሁሉ አቁሚ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ብቻውን ጠጪ፤ 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር፣ አለው። ከነፋሽ ላክቶስ የተወገደለትን ወተት ሞክሪ። እሱ ከተስማማሽ ችግሩ ስኳሩ ነው፣ የነጠረ ቅቤም አይጎዳሽም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ግን ቅቤውንም ያን ወተትም መንካት የለበትም፤ የሚያሳክክሽ ወይም ፊትሽ የሚያብጥ ከሆነ ይህን ሙከራ በራስሽ አታድርጊ። «ወተት አይስማማኝም» ብለሽም ለዘለዓለም አትወስኚ፤ ሲሊያክ ላክቶስ የሚፈጨውን የአንጀት ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ግሉተን ከቆመና አንጀቱ ከዳነ በኋላ ወተት የሚመለስለት ሰው ብዙ ነው።

ወተት ካቆምሽ ካልሲየሙን ከጎመን አግኚ። ቆስጣ አይተካውም፤ ኦክሳሌቱ ካልሲየሙን ይይዘዋል። ከነአጥንቱ የታሸገ ሰርዲንም ጥሩ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ የቲቲጂውን ቁጥር ከላብራቶሪው መነሻ ልክ ጋር እዚሁ ጻፊልን፤ ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም፣ ልኩ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያል።