ጥያቄና መልስ፦ የፔካ እሳት

ጥያቄ፦ የክሮኤሺያ ዳልማሺያ ገጠር ሰዎች ሥጋና ድንች በፍም የሚያበስሉበትን «ፔካ» ሞከርኩት። ድንቹ ከሥር አረረ፣ ሥጋው ግን አልበሰለም። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፔካ የክዳኑ ስም ነው፤ ጉልላት የመሰለ ብረት ወይም ሸክላ። እሳቱ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ይመስላል፤ ግን ከሥር ፍም የለም። የመንደሩ ሰዎች በምድጃው ድንጋይ ላይ እንጨት አንድደው ድንጋዩን ያግሉታል፣ ፍሙን ወደ ዳር ይጠርጉና ትሪውን በጋለው ድንጋይ ላይ ያሳርፋሉ። ክዳኑን ደፍተው ፍሙን ከላይ ይቆልላሉ፤ ዙሪያውን በአመድ ይደፍናሉ። የእርስዎን ድንች ያሳረረው ከሥር የቀረው ፍም ነው።

ለ4 ሰው 1 ኪሎ ተኩል የበግ ወይም የጥጃ ሥጋ፣ 1 ኪሎ ድንች፣ 2 ሽንኩርት፣ ካሮት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጨውና ግማሽ ስኒ ዘይት ይበቃል። መጀመሪያ ውሃ አይጨምሩ፤ አትክልቱ ራሱ ያወጣል። ለ45 ደቂቃ አይንኩት። ክዳን እየከፈቱ ማየት የሁላችንም አመል ነው፤ እዚህ ግን እንፋሎቱ ያመልጥና ሥጋው ይደርቃል። ከዚያ ሥጋውን ይገልብጡ፣ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ወይን ወይም ውሃ ያፍስሱ፣ አዲስ ፍም ጨምረው ሌላ 45 ደቂቃ። ሥጋው ጥሬ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ፍም ሳይታደስ ስለሚከስም ነው። ክዳኑን ከማንሳትዎ በፊት አመዱን ይጥረጉ፤ አለዚያ ወጥዎ ውስጥ ነው የሚገባው።

የሐይቃችን ቆሮሶ ዓሣስ በፔካ ይሆናል? አይሞክሩት፤ ይፈራርሳል። የባሕር ዳርቻ መንደሮች የሚያበስሉት ኦክቶፐስ (ባለ ስምንት ክንድ የባሕር እንስሳ) ነው፤ እሱ ጠንካራ ስለሆነ ረጅሙን እሳት ይችለዋል።