የሸራ ጀልባ በሞተር ሲሄድ ነዳጅ እንዴት ይቆጠባል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከጎንደርና ከጎርጎራ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ጣና ላይ በሞተርም በሸራም የሚሄዱ ጀልባዎችን የሚመለከቱትን እነሆ።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ ወደብ ሸራም የናፍጣ ሞተርም ያለው፣ ውኃው ላይ 9 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ አለኝ። ነፋስ ሲጠፋ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሰጠው፣ ቶሎ ስለምደርስ ናፍጣ የምቆጥብ ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ አብዛኛው ናፍጣ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። እንደ እርስዎ ያለ ከባድ ጀልባ ውኃውን እየገፋ ሲሄድ ማዕበል ያነሣል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ማዕበሉ እየረዘመ ሄዶ ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲተካከል፣ የኋላው ክፍል ዝቅ ይልና ጀልባው ራሱ ያነሣውን ማዕበል እንደ ዳገት ለመውጣት ይታገላል። ይህ የፍጥነት ወሰን በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ለማወቅ የርዝመቱን ስኩዌር ሩት በ4.5 ማባዛት ነው፤ ለእርስዎ 13.5 ይሆናል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ከ13 ወደ 10 ቢወርዱ በሰዓት የሚቃጠለው ናፍጣ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በ30 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚዘገዩት ግን 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውንም ማሻሻያ ከማሰብዎ በፊት ይህን እንዲሞክሩት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እየሠራ ሸራ መዘርጋት ጥቅም አለው?

መልስ፦ ነፋሱ ከጎን ወይም ከኋላ ከሆነ በእጅጉ አለው፤ ሆኖም ሸራው መሳብ ሲጀምር የሞተሩን ዙር ካልቀነሱ ቁጠባው አይገኝም። ነፋሱ ፊት ለፊት መጥቶ ሸራው የሚርገበገብ ከሆነ ያውርዱት፤ ጀልባውን ወደ ኋላ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። በሐይቅ ዳር ቀን ቀን ነፋስ ከውኃው ወደ የብስ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ደግሞ ከየብስ ወደ ውኃው መንፈስ ስለሚቀናው፣ ከጎርጎራ ወደ ደቡብ የሚያቀና ሰው ማልዶ ቢነሣ ይበጀዋል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ጀልባ የቤንዚን ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ቤንዚንም ይበላል። ካንዴላው ተቀይሯል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይለቃል። ባለሙያ የካርቡራተሩን ጅግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ክፍል፣ ቀዳዳው ባነሰ ይቀይርለት። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆን ኃይሉን ስለሚያጣም፣ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ባለበት ሳልፍ ሞተሩ ይከብደዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ማርሹን ነጻ አድርገው ትንሽ ወደ ኋላ ያስኪዱት፤ ካልለቀቀ ሞተሩን ፈጽሞ አጥፍተው እምቦጩን በእጅ ያንሡት። የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውንም ያጽዱ፤ በዚያው የጀልባው ሆድ ላይ የያዘውን አረንጓዴ አልጌ በብሩሽ ያስለቅቁ፣ እሱም ቀላል የማይባል ነዳጅ ያስበላልና።