«ልጄ ለወንድሙ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ትልቁን ልጄን በመኪና አደጋ ካጣሁት አምስት ወር ሆነኝ። ገና 19 ዓመቱ ነበር። ታናሽ ወንድሙ 15 ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ፊታችን አንድ ቀን አላለቀሰም። ከትምህርት ቤት ሲመጣ በሩን ቆልፎ ስልኩ ላይ ነው። ስናናግረው «ደህና ነኝ» ይላል፣ በቃ። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ ውጤቱም ወርዷል። ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን ሲስቅ እሰማዋለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያናድደኛል። አባቱ የልጃችን ስም ከተነሳ ብድግ ብሎ ይወጣል። እኔም የማለቅሰው ማታ ተደብቄ ነው። የልጄ ዝምታ ምንድን ነው? የወንድሙን ዕቃስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ሳይታሰብ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይባባሉ የሚመጣ ሞት እንዴት እንደሚሰብር አውቃለሁና ቶሎ ትበረታላችሁ አልልዎትም።

በሳቁ ግን አይፍረዱበት። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ያዘነ ሰው ቀኑን ሙሉ ኀዘኑ ውስጥ አይቀመጥም፤ ገባ ወጣ ይላል። አንድ ጊዜ ከሐዘኑ ጋር ይጋፈጣል፣ ሌላ ጊዜ ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ጓደኞቹ፣ ወደ ሕይወቱ ዞር ይላል። ሁለቱም ያስፈልጉታል። ልጆችና ወጣቶች ላይ ደግሞ ይህ መመላለስ ፈጣን ነው፤ አሁን ስቆ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ትራስ ነክሶ ሊያለቅስ ይችላል፣ እርስዎ የሚያዩት ሳቁን ብቻ ነው። ቁጣውም፣ የውጤቱ መውረድም በዚህ ዕድሜ የኀዘን መልክ ናቸው። ሐሳቡ የተበተነ ልጅ መጽሐፍ ቢገልጥም አይገባውም። ለሚቀርበው አንድ መምህር ሁኔታውን ይንገሩለት።

ዝምታው ከየት መጣ ላሉት፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከእናንተ ነው የተማረው። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም። እርስዎ ማታ ተደብቀው ሲያለቅሱ ይሰማዋል፤ የቤት ግድግዳ ልቅሶ አይደብቅም። አባቱ ሲወጣ ያያል። ስለዚህ «እኔ ደግሞ ካለቀስኩ ይብስባቸዋል» ብሎ አፉን ዘጋ። አንዳንዴ ፊቱ ያልቅሱ። «ወንድምህ ትዝ አለኝ፣ ለዚያ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል» ይበሉት። ባለቤትዎም አንዲት ነገር ቢሉት ብዙ ትፈታለች፦ «ስሙ ሲነሳ የምወጣው ስለሚያመኝ ነው እንጂ አታንሳው ማለቴ አይደለም።»

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ ጥፋቱን በሆዱ ራሱ ላይ አድርጎት እንደሆነስ? ያን ቀን ጠዋት ተጣልተው ይሆናል። ደውሎለት ሳያነሳ ቀርቶ ይሆናል። «እኔ ብሆን ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብም በሕይወት የቀሩ ወንድምና እህቶች ላይ ይመጣል። ፊት ለፊት አስቀምጠው አይጠይቁት፤ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይጨንቀዋል። አብራችሁ ስትራመዱ ወይም ዕቃ ስታጥቡ «ያን ቀን ስታስብ ቶሎ የሚመጣብህ ምንድን ነው?» ይበሉትና ዝም ይበሉ። መናገር ከጀመረ «አንተ ምን አጠፋህ!» ብለው አያቋርጡት፣ መጀመሪያ ይጨርስ። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሩት፣ ደጋግመው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ «አሁን የቀረኸን አንተ ብቻ ነህ» እንዳይባል። ይህ ለ15 ዓመት ልጅ ሸክም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ወር በላይ ሳይላላ የቆየና የዕለት ኑሮን የሚያውክ ኀዘንን ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ችግሮች ጋር መድቦታል። ስድስት ወር ሲሞላ ኀዘኑ ያልቃል ማለት ግን አይደለም። ልጁ መሞትን ወይም ወንድሙ ጋ መሄድን ካነሳ፣ ራሱን ከጎዳ፣ መጠጥ ወይም ሱስ ከጀመረ ደግሞ ምንም ቀን አይቁጠሩ፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ወይም ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዱት። «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እንዲያውም መተንፈሻ ይሰጠዋል።

ዕቃውን በተመለከተ አይቸኩሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመጣ የወንድሙን አልጋ ባዶ እንዳያገኘው። መጀመሪያ እሱ የሚፈልገውን ይምረጥ፤ ጃኬትም ይሁን የጆሮ ማዳመጫ፣ ለምን ይህን መረጥክ አይባልም። የቀረውን መቼና ለማን እንደምትሰጡ ሦስታችሁ አንድ ላይ ወስኑ፤ ዓመት ቢፈጅባችሁም ችግር የለውም።